የባትሪ ድንጋይ የተጣለበት ሐይቅ፦ የደለል ናሙና ውጤት ሲያሳስት ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ይህን የምጽፈው ናሙና መሰብሰብን ለሚያውቅ ሰው ነው። ጠርሙስ በአሲድ ማጠብ፣ ነጥብ በጂፒኤስ መያዝ፣ ናሙናን በበረዶ ሣጥን ማመላለስ የታወቀ ስለሆነ አልመለስበትም። እዚህ የማነሳው ላብራቶሪው ቁጥሩን ልኮ ቁጥሩ ትርጉም አልሰጥ ሲል ምን እንደተበላሸ እንዴት እንደሚገኝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የተፈጠረው ጀልባው ላይ ነው፤ ወይም ከዚያ በፊት፣ ነጥቦቹ ካርታ ላይ ሲመረጡ።

ምሳሌዎቼ ከሐዋሳ፣ ከዝዋይና ከጣና ዳርቻ ናቸው። ዓሣ የሚራገፍበትና ጀልባ የሚታሰርበት ቦታ ሁሉ ከእጅ ባትሪና ከሬዲዮ የወጣ የባትሪ ድንጋይ ይጣልበታል፤ አልፎ አልፎ የተሰባበረ የመኪና ባትሪም ይገኛል።

ከሁሉ በፊት የትኛው ብረት የትኛውን ባትሪ እንደሚያመለክት ይታወቅ። ተራው የባትሪ ድንጋይ ቆርቆሮው ዚንክ ነው፣ ጥቁሩ ዱቄት የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ነው፣ መሐሉ ላይ የቆመው ዘንግ ካርቦን ነው። ስለዚህ ዚንክና ማንጋኒዝ አብረው መነሳት አለባቸው። ኒኬልና ካድሚየም አብረው ከተነሱ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነው። እርሳስ ከአንቲሞኒ ጋር ከሆነ የመኪና ባትሪ፣ ኮባልት፣ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ሊቲየም ከሆኑ ደግሞ የስልክ ባትሪ ይጠረጠራል። ሜርኩሪ በቆዩት ባትሪዎች ውስጥ ይገኛል፤ ሜርኩሪን የሚገታው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ከጥቂት የአዝራር ባትሪ ዓይነቶች በስተቀር ሜርኩሪ ያለበት ባትሪ ማምረትና ንግዱ ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዲቀር ቢያደርግም፣ ከዚያ በፊት የተጣለው ዛሬም ጭቃው ውስጥ አለ። ዚንክ ብቻውን ከተነሳ ግን ባትሪን ከመክሰሳችሁ በፊት ቀና ብላችሁ የቆርቆሮ ጣሪያውን እዩ። የከተማ ጎርፍ ከጣሪያ የታጠበ ዚንክ ወደ ሐይቅ ያስገባል፤ ማንጋኒዝ ግን አብሮት አይመጣም።

ምልክት፦ ባትሪ የተጣለበት ቦታ ንጹሕ፣ ማነጻጸሪያው ቦታ የተበከለ ሆኖ ሲመጣ

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

ባትሪ የሚጣለው ሰው በሚደርስበት ነው፤ ከጀልባ ማሰሪያው ሥር፣ የሐዋሳውን አሞራ ገደል ከመሰለ የዓሣ ገበያ ፊት ለፊት። እዚያ ውሃው ጥልቀት የለውም፤ ማዕበል ወለሉን ሲያጥበው ስለሚውል የሚቀረው አሸዋ ነው። ማነጻጸሪያ ተብሎ የሚመረጠው ደግሞ «ከሰው የራቀ ይሁን» በሚል መሐል ሐይቅ ነው። እዚያ ውሃው ጥልቅና የረጋ፣ ወለሉም ጣት የሚያሰምጥ ደቃቅ ጭቃ ነው።

ብረት የሚጣበቀው በቅንጣት ገጽ ላይ ነው። ቅንጣቱ በደቀቀ ቁጥር ለአንድ ግራም ክብደት የሚኖረው ገጽ ይሰፋል። ሸክላ፣ ዝገትና የበሰበሰ ዕፅዋት የተቀላቀለበት ጭቃ ዚንኩን አጥብቆ ይይዛል፤ አሸዋ አይዝም። ስለዚህ ማንም አንድ ባትሪ ሳይጥል ጭቃው ከአሸዋው በልጦ ይገኛል። ሁለቱን ማወዳደር የባትሪውን ሳይሆን የማዕበሉን ሥራ መለካት ነው።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሪፖርት እንድመረምር ተሰጠኝ። ባትሪ ከሚጣልበት ዳርቻ የተወሰዱት ናሙናዎች ዚንካቸው ዝቅ ያለ፣ ከመሐል ሐይቅ የተወሰዱት ከፍ ያለ ነበር። አጥኚው ድርጅት ከዚህ ተነስቶ «ባትሪዎቹ በደለሉ ላይ ተጽዕኖ አላሳደሩም» ብሎ ደመደመ፤ ባትሪዎቹ ባሉበት እንዲቀሩም መከረ። በሠንጠረዡ ውስጥ የቅንጣት መጠን የሚል ዓምድ አልነበረም። የመስተዋት የናሙና ማሰሮዎቹ ገና በመደርደሪያ ላይ ስለነበሩ እንዲወጡ ጠየቅኩ። የዳርቻዎቹ በብርሃን ፊት ሲያዙ የሚያብረቀርቅ አሸዋ፣ የመሐሎቹ ጥቁር ጭቃ ናቸው፤ ክዳን ሳይከፈት በዓይን ይለያሉ። በዚያ መደምደሚያ ላይ ተመሥርቶ የጽዳት ሥራ ተሰርዞ ነበር። በዚያ ዳርቻ ሕፃናት ይዋኛሉ፣ ቆሮሶ ዕንቁላሉን የሚጥለውም ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። እንዲህ ያለ ስህተት የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

ለማስረዳት ያህል የተመቻቹ ቁጥሮች እናስቀምጥ። ሙሉው ደለል ሲለካ ዳርቻው 90፣ መሐሉ 130 ሚሊግራም ዚንክ በኪሎ ይሁን። ሁለቱም በወንፊት ተለይተው ከ63 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው) በታች ያለው ደቃቅ ክፍል ብቻ ሲለካ ደግሞ ዳርቻው 210፣ መሐሉ 140 ይሁን። የመጀመሪያው ጥንድ ዳርቻው ንጹሕ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ዳርቻው ላይ የዚንክ ምንጭ እንዳለ ይናገራል። ደለሉ አንድ፣ ሐይቁ አንድ ነው፤ የተለየው የለካነው ክፍል ነው።

መፍትሄው ከማነጻጸሪያ ቦታው ይጀምራል። ማነጻጸሪያ ማለት ባትሪ ከሌለበት በስተቀር በሁሉም ነገር የሚመሳሰል ቦታ ነው፦ ያው ጥልቀት፣ ከዳርቻው ያው ርቀት፣ ለነፋስ ያው ተጋላጭነት፣ ያው ዓይነት ወለል። አንድ ማነጻጸሪያ አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ይያዙ፤ አለበለዚያ ሁለት የተፈጥሮ ዳርቻዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩ ማወቅ አይቻልም።

ቀጥሎ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የቅንጣት መጠን ይለካ። ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ የ63 ማይክሮን ወንፊትና ሚዛን በቂ ነው። ወንፊቱ የናይለን ይሁን። የናስ ወንፊት አትጠቀሙ። ደግሜ እላለሁ፣ የናስ ወንፊት አትጠቀሙ፤ ናስ መዳብና ዚንክ ነው፣ የምትፈልጉትን ብረት ራሳችሁ ናሙናው ውስጥ ትፍቁታላችሁ። የምታጥቡበት ውሃ ከዚያው ሐይቅ ከዚያው ነጥብ የተቀዳ ይሁን፤ የቧንቧ ውሃ ጨዋማነቱ ስለሚለይ የተጣበቀውን ብረት ሊያስለቅቅ፣ ከቧንቧውም ዚንክ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ መጽሐፍ ያነበበ ሰው «በአሉሚኒየም አካፍለን ብናስተካክለውስ?» ይላል። ይህ ዘዴ የሚሠራው አሸዋው ኳርትዝ በሆነበት ነው፤ ኳርትዝ አሉሚኒየም ስለሌለው የአሉሚኒየሙ መጠን የሸክላውን መጠን ያሳያል። የስምጥ ሸለቆ አሸዋ ግን ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)፣ የእሳተ ገሞራ መስተዋትና ፌልድስፓር ነው፤ እነሱ ራሳቸው አሉሚኒየም የሞላባቸው ናቸው። ስለዚህ በሐዋሳና በዝዋይ አሉሚኒየሙ አሸዋና ጭቃ ላይ ተቀራራቢ ሆኖ ይወጣና ማስተካከያው ምንም አያስተካክልም። እዚያ ወንፊቱን እመኑ።

ወንፊቱም የራሱ አደጋ አለው። የበሰበሰ ባትሪ ፍርፋሪ ከ63 ማይክሮን በጣም ይተልቃል፤ ደቃቁን ብቻ ከለካችሁ ባትሪውን ራሱን በወንፊት ላይ ትታችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ይለካ፦ ከ2 ሚሊሜትር በታች ያለው ሙሉ ደለልም፣ ከ63 ማይክሮን በታች ያለው ደቃቅም። ወንፊቱ ላይ የቀረውን አትድፉት፤ በነጭ ሳህን ላይ ዘርግታችሁ በማጉያ መነጽር እዩት። የካርቦን ዘንግ ስባሪ ካገኛችሁ ባትሪ እንደነበረ ተረጋገጠ፤ ዚንኩ ተበልቶ ካለቀ ከብዙ ዓመት በኋላም ካርቦኑ አይጠፋም።

ምልክት፦ ባትሪ እንደተጣለ እየታወቀ የትም ምንም አልተገኘም

ነጥቦቹ ተራርቀዋል። ሒሳቡን ሥሩትና እዩ። አንድ ትልቅ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ከ10 ግራም በላይ ዚንክ አለው። 10 ግራሙ ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ በ1 ካሬ ሜትር ላይ፣ በላይኛው 5 ሳንቲሜትር ጭቃ ውስጥ ተበተነ እንበል። ያ ጭቃ ሲደርቅ 20 ኪሎ ግድም ይመዝናል። 10 ግራም በ20 ኪሎ ማለት 500 ሚሊግራም በኪሎ ጭማሪ ነው፤ በግልጽ የሚታይ ብክለት። ያው ዚንክ በ100 ካሬ ሜትር ላይ ቢበተን ጭማሪው 5 ብቻ ነው፤ ከተፈጥሮው መዋዠቅ የሚለይበት መንገድ የለም። በረጋ ጭቃ ውስጥ ብረቱ ከባትሪው እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ በየ100 ሜትሩ ነጥብ አስቀምጦ ባትሪ መፈለግ ገንዘብ ውሃ ውስጥ መጣል ነው።

ይህ ጥያቄ በሌላ አገርም በትልቁ ተነስቷል። የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ለመርከብ ምልክት መብራቶች የሚጠቀምባቸው ባትሪዎች ለብዙ ዓመታት ከመብራቶቹ ሥር ይጣሉ ስለነበር፣ ኋላ ላይ ጠላቂ ተልኮ እንዲለቀሙ ተደርጓል። እዚያ ቢያንስ መብራቱ የት እንደቆመ ይታወቃል። እኛ ዘንድ ቦታውን የሚያውቀው ዓሣ አጥማጁ ነው።

መፍትሄው በሁለት ዙር መሥራት ነው። በመጀመሪያው ዙር ባትሪውን ፈልጉ፤ ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቁ፣ የውሃ ውስጥ ካሜራ አውርዱ፣ ማግኔት ጎትቱ። ማግኔቱ የብረት ልባስ ያለውን እንጂ ካርቶን የለበሰውን እንደማይስብ አትርሱ። በሁለተኛው ዙር ካገኛችሁት ክምር ተነስታችሁ ወደ ውጭ እየራቃችሁ ናሙና ውሰዱ፦ እዚያው ሥሩ፣ ግማሽ ሜትር፣ 1፣ 2፣ 5፣ 10 ሜትር፤ ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ። ብክለት ካለ ቁጥሩ እየራቃችሁ ስትሄዱ ይወርዳል። ይህ ቁልቁለት ከአንድ ከፍተኛ ቁጥር የበለጠ ማስረጃ ነው። ለዚህ ሥራ ጂፒኤስ ብቻውን አይበቃም፤ የስልክ ጂፒኤስ በብዙ ሜትር ይሳሳታል። ምሰሶ ተክላችሁ ምልክት ያለበት ገመድ ወጥሩ።

ምልክት፦ ከአንድ ማሰሮ ሁለቴ ተለክቶ አንዱ 150፣ ሌላው 2,000 አለፈ

ላብራቶሪውን አትክሰሱ። ላብራቶሪው የሚያሟሟው ግማሽ ግራም ያህል ነው። በዚያ ግማሽ ግራም ውስጥ አንድ ሚሊግራም የዚንክ ፍቅፋቂ ከገባ ብቻውን 2,000 ሚሊግራም በኪሎ ይጨምራል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። ከየነጥቡ ከብዙ ቦታ ጥቂት ጥቂት ወስዳችሁ አንድ ትልቅ ናሙና አድርጉ፤ ላብራቶሪው ደርቆ ሙሉው እንዲፈጭና ከዚያ እንዲከፋፈል አስገድዱ። ከማሰሮው አፍ በማንኪያ የሚጭልፍ ላብራቶሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ትልቁን ቁጥር «ስህተት ነው» ብላችሁ አትሰርዙት፤ ባትሪው ያ ነው።

ምልክት፦ ዚንክ ባዶው ናሙና (ደለል ሳይገባበት ለማጣሪያ የሚለካው) ላይ ሳይቀር ከፍ አለ

ዕቃችሁ ነው። ርካሽ ገመድና ሰንሰለት በዚንክ የተለበጠ ነው። በየብየዳ ቤቱ ተሠርቶ የሚሸጠው የናሙና መዝገኛም እንዲሁ፤ አንዱን በነጭ ጨርቅ ጠርጌው ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ያንን ዕቃ ለዚህ ሥራ የሚሸጥ ሰው ለምን እንደሚውል ሊጠየቅ ይገባል። የማይዝግ ብረት መዝገኛ፣ የናይለን ገመድ፣ የፕላስቲክ ማንኪያ ያዙ፤ መዝገኛውን ከነካው ጭቃ ሳይሆን ከመሐሉ ውሰዱ። የላስቲክ ጓንት ሲሠራ ዚንክ ኦክሳይድ ይገባበታል፤ የፕላስቲክ ጓንት አድርጉ። ፊት ላይ የሚቀባ የፀሐይ መከላከያም ዚንክ ሊኖረው ይችላል። በጀልባው ሞተር ላይ ዝገት እንዲከላከል የሚታሰረው የዚንክ ቁራጭም አለ፤ ስለዚህ በሞተሩ በኩል ናሙና አታውጡ። እርሳስ ብቻውን ከተነሳ የመረብ ማስመጫ እርሳስ እንዳይሆን አጣሩ።

ምልክት፦ ድግግሞሽ ናሙናዎቹ አይስማሙም፣ ከላይ ያለው ለስላሳ ጭቃም የለም

ኤክማን (በገመድ የሚወርድ ባለ መንጋጋ መዝገኛ) ወርዶ ወለሉን ሲመታ ከፊቱ የሚገፋው ውሃ ላዩን ያለውን ቀላል ጭቃ ይበትነዋል። በመጨረሻው ሜትር ላይ በእጅ ቀስ እያላችሁ አውርዱ፤ አትልቀቁት። ሲወጣ መንጋጋው ካልገጠመ በየመሐሉ ቡናማ ውሃ እየተንጠባጠበ ይመጣል፤ ያ የሚፈሰው ውሃ የምትፈልጉት ደቃቅ ክፍል ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መንጋጋውን የሚያጣብቀው አብዛኛውን ጊዜ አተር የምታህል የፑሚስ ጠጠር ናት። እንዲህ የመጣ ናሙና ይደፋ፤ ከነጥቡ ራቅ ብላችሁ ድፉትና እንደገና ውሰዱ።

ታንኳ የሚቀዝፍልን አንድ ሽማግሌ በዚህ ተሰላችተው «ልጄ፣ ጭቃ ጭቃ ነው፤ ምን አደረገሽ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ለእርስዎና ለልጅ ልጆችዎ ጤና የሚያሰጋውን የምትነግረን ላዩ ላይ ያለችው ስስ ጭቃ ናት፤ እሷ ፈሳለች» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ መንጋጋውን ከእኔ ቀድመው የሚያዩት እሳቸው ነበሩ። ቀዛፊው የሚሠራው ሥራ ሲገባው ታንኳዋን በነጥቡ ላይ ያቆምላችኋል፤ ስለዚህ አስረዱ።

ወለሉ አሸዋ ከሆነ ኤክማን አይሆንም፤ ከባዱን መዝገኛ ፖናርን ያዙ። ባትሪው የቆየ ከሆነ ደግሞ ከላይ መዝገን አይበቃም፤ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ቱቦ አውርዳችሁ ደለሉን እንደቆመ አውጡና በየሳንቲሜትሩ ቁረጡ። ዝዋይ ላይ ግን ከቱቦው ብዙ አትጠብቁ፤ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋስ ወለሉን ስለሚያማታው የዘመን ቅደም ተከተሉ ይደበላለቃል።

ምልክት፦ ሁሉም ነጥብ ከውጭው መመዘኛ በላይ ነው

ብዙ ሪፖርት ጨዋማ ላልሆነ ውሃ ደለል የወጣውን የሰሜን አሜሪካ መመዘኛ ይገለብጣል፤ ዚንክ 121 ላይ ማስጠንቀቂያ፣ 459 ላይ ጉዳት የሚጠበቅበት፤ ኒኬል 48.6 ላይ ጉዳት የሚጠበቅበት። የጣና ዙሪያ ባዛልት የሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በዓለም ደረጃ የባዛልት አማካይ ኒኬል 130፣ ዚንኩ 105 ሚሊግራም በኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ ከባዛልት የታጠበ ጭቃ ባትሪ ሳያይ የኒኬሉን መመዘኛ ሊያልፍ ይችላል። «ከፍተኛ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ብክለት» የሚል ርዕስ ያለው ጥናት አይቻለሁ፤ ካድሚየሙ ከመለኪያው ወሰን በታች ነበር። ካድሚየም የሌለበት ኒኬል ካድሚየም ባትሪ የለም። መመዘኛውን ከመጠቀማችሁ በፊት የአካባቢውን ተፈጥሯዊ መጠን ከማነጻጸሪያ ቦታዎቹና ከቱቦው ጥልቅ ክፍል አውጡ።

ማንጋኒዝ ላይም ተጠንቀቁ። አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ይሟሟል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ አየር ያለበት ላይ ሲደርስ እንደገና ይረጋል። ላዩ ላይ የታየ የማንጋኒዝ ጭማሪ ብቻውን የባትሪ ምስክር አይሆንም።

ምልክት፦ ሜርኩሪ በየልኬቱ እየወረደ ሄደ

ናሙናው ኦቨን ውስጥ በ105 ዲግሪ ደርቆ ነው፤ ሜርኩሪው ተኗል። እርጥቡን ለኩና እርጥበቱን ከሌላ ቁራጭ አስሉ፤ ወይም በቅዝቃዜ አድርቁ። በስስ የፕላስቲክ ከረጢት አታስቀምጡ፤ የመስተዋት ማሰሮ ይሁን። ከ28 ቀን በላይ ከቆየ ውጤቱን አትመኑት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦

ሁለት ላብራቶሪዎች በሰፊው ተለያዩ፦ አንዱ በንጉሣዊ ውሃ (የናይትሪክና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ)፣ ሌላው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ጨምሮ አሟሙቷል፤ አታወዳድሯቸው።

ሊቲየምና ፍሎራይድ ከፍ አሉ፦ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይዱ በተፈጥሮ ከፍተኛ ነው፣ ፍል ውሃም ሊቲየም ያመጣል፤ ኮባልት ካልታየ የስልክ ባትሪ አትበሉ።

ብረቱ ብዙ ሆኖ የጭቃው ትላትሎች ደህና ናቸው፦ ሰልፋይድ አስሮት ይሆናል፤ ይህን ለመለካት ማሰሮው እስከ አፉ ይሞላ፣ አየር አይግባበት፣ አይድረቅ።

ቱቦው ባዶውን ወጣ፦ የላይኛው መድፈኛ አየር ያስገባል፤ ጎማውን ቀይሩ።

የደህንነት ማስጠንቀቂያ፦ በእነዚህ ሐይቆች ዳርቻ ብልሃርዝያ አለ፤ እስከ ጭን የሚደርስ ቦት ሳታደርጉ አትግቡ። ቄጠማው አጠገብ ጉማሬ ይኖራልና ማለዳና ማታ አትሥሩ፤ ቀዛፊው «እንመለስ» ካለ ያን ጊዜውኑ ተመለሱ። ያበጠ ወይም የሚያንጠባጥብ ባትሪ ካወጣችሁ በባዶ እጅ አትንኩት፣ ከናሙናዎቹ ጋር በአንድ ሣጥን አታስቀምጡት፣ ለልጆችም አትስጡት። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ ይዛችሁ ውጡ፤ ከለካችሁ በኋላ መልሳችሁ ውሃ ውስጥ አትጣሉት።